ከለስላሳው በኋላ

ይህ በእኛና በእናንተ መካከል ይቅር። ደም ሰጥታችሁ፣ ለስላሳችሁን ጠጥታችሁ ስትወጡ ከረጢቱ በቀጥታ ወደ ታማሚ የሚሄድ ይመስላችኋል። አይሄድም። ለብቻው ፍሪጅ ገብቶ የናሙናውን ውጤት ይጠብቃል። ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ ቂጥኝ፦ ከአራቱ በአንዱ ከተያዘ ይወገዳል። ሰው የሚፈራው ኤችአይቪን ነው። እኛ ላብራቶሪ ያለነው ግን ከረጢት በብዛት የሚያስጥለን ሄፓታይተስ ቢ መሆኑን እናውቃለን። ባለቤቱማ «ጤነኛ ነኝ» ብሎ ነው እጁን የዘረጋው።

እነዚህን ለመለየት ኤላይዛ የሚባለውን ምርመራ ስንሠራ 96 ጉድጓድ ያለው ሳህን እንጠቀማለን። በየዙሩ ለመቆጣጠሪያም የሚያልቅ ጉድጓድ አለ። ለአራት ለአምስት ከረጢት ብሎ ዙር ማስጀመር ኪቱን መጨረስ ነው፤ ናሙና እስኪጠራቀም እንጠብቅ ካልን ደግሞ ከአበርገሌ ቆላ በአምቡላንስ እኛ ጋ ሰቆጣ የደረሰች፣ ደም የሚፈሳት ወላድ አትጠብቅም። ይሄን ጭንቅ ያየ ያውቀዋል።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የምርመራ ማሽኑ ሁሉን አያይም። ቫይረሱ ደም ውስጥ ገብቶ ምርመራው ገና የማይይዘው ጊዜ አለ፤ ለኤችአይቪ ሳምንታት፣ በፀረ እንግዳ አካል ብቻ ለሚመረመረው ሄፓታይተስ ሲ ሁለት ወር ገደማ። ይህን ጊዜ የሚያሳጥረው የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልገው ምርመራ ውድ ነው። ወባም ከአራቱ አንዱ አይደለም። ተከዜ ዳር ለሚኖር ለጋሽ ያለን ወንፊት «ሰሞኑን አተኩሶህ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ከማሽኑ ይልቅ የምተማመነው መርፌው ሳይገባ በምናደርገው ጨዋታ ነው። ጥያቄው በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣና ሲጠየቅ የሚወጣው መልስ በአማርኛ ከሚወጣው ይለያል። ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን ለታመመ ዘመዱ ተጠርቶ የመጣ ሰው ነው። አጎቱ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀው እንዴት «አልሰጥም» ይበል?

እባካችሁ፣ ራሳችሁን ለማስመርመር ብላችሁ ደም ልትሰጡ አትምጡ፤ ለዚያ ጤና ጣቢያ አለ። ከተጠራጠራችሁ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ «ዛሬ ይለፈኝ» በሉን። ምክንያቱን ለዘመድ አንናገርም።