ንግሥት ንብን ማሳደግና መንጋን ማባዛት፦ በእጃችን ያለውና የሌለው



ክረምቱ ሲያባራ፣ ከየካ አባዶ እስከ እንጦጦ ያለው ሸንተረርም አደይ አበባ ሲለብስ፣ በመንጋ የተጨናነቀ ቀፎ ለሁለት ይከፈላል። አሮጊቷ ንግሥት ከሠራተኞቹ ከፊሉን ይዛ ትወጣለች፤ ወጣቷ ቤቱን ትወርሳለች። አርቢው በበኩሉ ባዶ ቀፎ መዓዛ ባለው ቅጠል አጥኖ ዛፍ ላይ ይሰቅልና ይጠብቃል። መንጋው ከገባለት እሰየው፤ ካልገባለት ግን የዓመት ተስፋው አብሮ ይበርራል። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ብትሆንም፣ አብዛኛው አርቢ መንጋ የሚያገኘው ዛሬም በዚሁ መንገድ ወይም ከገበያ በመግዛት ነው። መንጋን በራሳችን እጅ ማባዛት እንችላለንን? ከቻልንስ ሥራው ምን ያህል የእኛ ነው?

የገበሬው ቋንቋ የቀፎዋን እናት «አውራ» ይላታል። ስሙ የወንድና የአለቃ ነው፤ ባለቤቷ ግን ሴት ናት፤ አለቃም አይደለችም። ንግሥትና ሠራተኛ ከአንድ ዓይነት እንቁላል ይፈለፈላሉ። የሚለያቸው ምግብ ነው። ሞግዚት ንቦች ለንግሥትነት የታጨችውን እጭ እስከ መጨረሻው ሮያል ጄሊ ያበሏታል፤ ለሠራተኛዋ እጭ ግን ከሦስተኛው ቀን በኋላ ምግቡ ይለወጥባታል። እንቁላሉ በሦስት ቀን ይፈለፈላል፤ በስምንተኛው ቀን ገደማ ቤቷ ይታሸጋል፤ በአሥራ ስድስተኛው ንግሥቲቱ ትወጣለች። በአፍሪካ ንቦች ዘንድ ጊዜው ጥቂት ያጥራል። ሠራተኛ 21፣ ድንጉላ ደግሞ 24 ቀን ያህል ይፈጅባቸዋል።

ጥበቡ ሁሉ በእነዚህ ቀናት ላይ ይቆማል። አሜሪካዊው ጊልበርት ዱሊትል እ.ኤ.አ. በ1889 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከሰም በተሠሩ ትናንሽ ጽዋዎች ውስጥ ለጋ እጮችን እያኖሩ ንግሥት በሌለው መንጋ ማሳደግን አስተማረ። እጯ ከተፈለፈለች አንድ ቀን ያልሞላት ልትሆን ይገባል። እኔ በጀማሪነቴ ለዓይን ጎላ ያሉትን፣ ማለትም ዕድሜያቸው የገፋውን፣ አዛወርሁ። ንግሥቶቹ ወጡ፤ ነገር ግን አካላቸው ያነሰ፣ እንቁላላቸውም ጥቂት ነበር። የስህተቴ ዋጋ አንድ የአበባ ወቅት ሆነ። እጭ ከተዛወረ በኋላ በአሥረኛው ቀን የታሸጉት ቤቶች ለየብቻቸው ወደተዘጋጁ ትናንሽ መንጋዎች መዛወር አለባቸው። ከዘገየን ቀድማ የወጣችው ንግሥት የቀሩትን እህቶቿን ትገድላለች።

መሣሪያ ለሌለው ገበሬ ቀላሉ መንገድ ክፈላ ነው። ጠንካራ መንጋ ተመርጦ፣ እንቁላልና ለጋ እጭ ያለባቸው እንጀራዎች ከነንቦቻቸውና ከምግባቸው ወደ ሌላ ቀፎ ይዛወራሉ። ንግሥት ያጣው ወገን ራሱ ያሳድጋል። ችግሩ ንቦቹ ቸኩለው ዕድሜዋ የገፋ እጭንም መምረጣቸው ነው። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ቀፎውን ከፍቶ፣ በዚያን ጊዜ ታሽገው የተገኙትን የንግሥት ቤቶች ማጥፋት ይገባል፤ ቶሎ የታሸገ ቤት የተጀመረው ዕድሜዋ ከገፋ እጭ ነውና። ያልታሸጉት ይቆዩ።

እስከዚህ ያለው ሁሉ በእጃችን ነው። ከዚህ በኋላ ግን ንግሥቲቱ ትበራለች። በአየር ላይ ከአሥር ከሚበልጡ ድንጉላዎች ጋር ትገናኛለች፤ ከየማን ቀፎ እንደመጡ አንመርጥላትም። በአካባቢው የሚበርሩት ድንጉላዎች የእርሷ የቅርብ ዘመዶች ከሆኑ፣ ከእንቁላሎቿ የተወሰኑት ሠራተኛ መሆን ሲገባቸው የማይረቡ ወንዶች ይሆናሉ። ሠራተኞቹም ገና በእጭነታቸው ይበሏቸዋል፤ የእጩ እንጀራም እንደ ወንፊት ይበሳሳል። አንዲት ማር የምታበዛ እናት መርጦ የሰፈሩን ቀፎ ሁሉ በልጆቿ የሚሞላ አርቢ፣ ሳያውቀው መንጋውን ያደኸያል። በሌላ በኩል ከቆላ የተገዛ መንጋ ደጋ ላይ ቢቀመጥ፣ ብርዱንና የአበባውን ወቅት ላይለምደው ይችላል፤ ድንጉላዎቹም የጎረቤቱን ንግሥቶች ይጋባሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሜንሲስ ተብሎ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ሆኖ የተሰየመው የአገራችን ንብ፣ ከዚህ ምድር ጋር ረጅም ዘመን የተላመደ ሀብት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ሥራው የታሸጉ የድንጉላ ቤቶች ከመታየታቸው በፊት አይጀመር። ድንጉላ ከወጣ በኋላም ለመብሰል ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋልና፣ ያለ ወንድ ያደገች ንግሥት ከንቱ ናት። ሁለተኛ፣ እናቶች ከአንድ ሳይሆን ከብዙ መንጋ ይመረጡ፤ መመዘኛውም ማር ብቻ ሳይሆን ገራምነትና ቀፎ ጥሎ አለመሄድ ይሁን። ሦስተኛ፣ ይህ በአንድ ግቢ አጥር የሚያበቃ ሥራ አይደለም። የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል የሚሰጠው ዓይነት ሥልጠና ፍሬ የሚያፈራው፣ በአንድ ሸንተረር ላይ ያሉ አርቢዎች አብረው ሲመርጡ ነው።

ንግሥቲቱን እኛ እናሳድጋታለን፤ የሚድራት ግን ጎረቤት ነው።