የጠመንጃ ቁም ሳጥን

በዱርቤቴም ሆነ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር ጠመንጃ ያለው አባወራ መሣሪያውን ምሶሶ ላይ ይሰቅላል፣ ወይ ከአልጋው ራስጌ ያስደግፋል። ሌሊት ሌባ ቢመጣ እጁ ቶሎ እንዲደርስ ነው። ቀን እሱ እርሻ ሲውል ግን ቤት የሚቀሩት ልጆቹ ናቸው። ስለዚህ የሚቆለፍ የብረት ቁም ሳጥን ለእኔ ከሌባው በፊት የልጆቹ ጉዳይ ነው።

ሳጥን ከማሠራት በፊት ጠመንጃውን መለካት ይበጃል። ክላሽ 87 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሲሞኖፍ 1 ሜትርን በትንሹ ያልፋል። ከአያት የወረደ ውጅግራ ግን፣ ያ በ1874 እ.ኤ.አ. የተሠራው የፈረንሳዮች ጠመንጃ፣ 1 ሜትር ከ30 ይደርሳል። ለክላሽ ተብሎ የተበየደ ሳጥን አያስገባውም።

ስስ ላሜራ በዲጂኖ ይቀደዳል። የብሪታንያ ደረጃ ለጠመንጃ ሳጥን ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ብረት ይጠይቃል፤ በያጁንም ይህንኑ ውፍረት መጠየቅ ነው። ማጠፊያው ከውጭ ካልታየ ይሻላል። ከውጭ የተንጠለጠለ ጓጉንቸር በመቁረጫ ይበጠሳልና፣ በሩ ውስጥ የተቀበረ፣ ከላይና ከታች የሚይዝ መቀርቀሪያ ያለው ቁልፍ ይመረጣል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ግድግዳውን ነው። የጭቃ ግድግዳ ብሎን አይዝም፤ ያልታሰረ ሳጥን ደግሞ ሁለት ጎረምሳ ተሸክሞት ይወጣል። እንዲህ ባለ ቤት ወለሉን ቆፍሮ ኮንክሪት መሙላት፣ ሳይደርቅ አራት ወፍራም ብሎን መትከል፣ ከዚያ ሳጥኑን አስቀምጦ ዳዶውን ከውስጥ ማጥበቅ ያስፈልጋል። ላሜራ ለማወፈር ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ለዚህ ሲሚንቶ የሚወጣው የበለጠ ይጠቅማል።

የጎጃም ክረምት እርጥብ ነው። ሳጥኑ ከወለሉ በትንሹ ከፍ ብሎ አየር የሚያስገቡ ጠባብ ቀዳዳዎች ይኑሩት፤ መሣሪያው በዘይት ይወልወል እንጂ በጨርቅ ተጠቅልሎ አይቀመጥ፣ ጨርቁ ውሃ ይዞ ያዝገዋልና።

በ2005 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣ ጥናት አራት ልማዶችን ለይቷል፦ ጠመንጃውን ጥይት አውጥቶ ማስቀመጥ፣ መቆለፍ፣ ጥይቱን ለብቻው ማኖርና እሱንም መቆለፍ። እያንዳንዳቸው በልጆችና በወጣቶች ላይ ከሚደርስ የጥይት አደጋና ራስን ከማጥፋት ስጋት መቀነስ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ ካርታው ተነቅሎ፣ ጥይቱ ሌላ ቁልፍ ባለው ትንሽ ሣጥን ይግባ።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የጦር መሣሪያን በፈቃድ ያስተዳድራል። የመሣሪያው ቁጥር ለብቻው ተጽፎ ከሳጥኑ ውጭ ይቀመጥ፤ ቢሰረቅ ለፖሊስ ለማመልከት ያስፈልጋል።

«ሌሊትስ?» የሚል አባወራ ሳጥኑን ከአልጋው አጠገብ ሊተክለው ይችላል። እርሻ ሲወርድ ግን ሁለቱንም ቁልፍ፣ ትርፉንም ጭምር፣ ይዞ ይውጣ። ትራስ ሥር የተደበቀ ቁልፍ ልጅ ያገኘዋል።