ከአልጋው ዳር የሚያስተምር ነርስ



የነርሲንግ ተማሪ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ወደ ዋርድ ሲገባ የሚቀበለው ማን ነው? ተቀባዩስ ማስተማርን ከማን ተማረ? የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው።

ጥያቄዎቹ በደጎሎና በመካነ ሰላም አካባቢ የተለየ ክብደት አላቸው። በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታል ወጣቱ ነርስ ቢጨንቀው ሬዚደንቱን ወይም ስፔሻሊስቱን ይጠራል። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ግን የሌሊቱ ተረኛ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። በሀገራችን የጤና ሥርዓት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተዋቀረ ነው። በክረምት ጭቃ በቃሬዛ የመጣችን ወላድ ወደ ደሴ ልላክ ቢባል መንገዱ ራሱ ሰዓታት ይወስዳል። እንግዲህ እዚህ የሚመደበው ምሩቅ ከመመደቡ በፊት በእጁ ያልሠራውን ነገር፣ ከተመደበ በኋላ የሚያሳየው ሰው ላያገኝ ይችላል።

በቅድሚያ ሁለቱን ስያሜዎች እንለይ። ክሊኒካል ኢንስትራክተር የምንለው የትምህርት ተቋሙ የመደበው፣ የተማሪዎችን ቡድን እየመራ ከዋርድ ዋርድ የሚዘዋወር መምህር ነው። ፕሪሴፕተር ደግሞ የሆስፒታሉ ወይም የጤና ጣቢያው ባልደረባ ሆኖ መደበኛ ሥራውን እየሠራ አንድ ወይም ሁለት ተማሪዎችን በሺፍቱ ይዞ የሚያሠለጥን ነርስ ነው። የመጀመሪያው የትምህርቱን ዓላማ ያውቃል፤ ሁለተኛው ሕሙማኑን ያውቃል። ችግሩ ሁለቱ የማይነጋገሩ ሲሆን ነው።

ይህ ክፍተት ሁልጊዜ አልነበረም። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ትምህርት ቤቷን ስትከፍት የዋርዱ ኃላፊ ነርስ የተማሪዎቹም አሠልጣኝ ነበረች። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም በስደት ዘመን በለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነትን የተማረችው በዚሁ ሥርዓት፣ በዋርድ ውስጥ እየሠራች ነበር። በእኛም ሀገር በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን፣ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ እየላከ ነበር። የነርሲንግ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ብዙ አተረፈ፤ መምህሩ ግን ከአልጋው ራቀ። ፕሪሴፕተር ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

አንድ የተለመደ እምነት አለ፤ ጎበዝ ነርስ ጎበዝ አስተማሪም ይሆናል የሚል። እኔ አልቀበለውም። ፓትሪሺያ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው ሥራ ነርስ ከጀማሪነት ተነስቶ ሊቅ እስከሚሆን የሚያልፍባቸውን አምስት ደረጃዎች አሳይታለች። ጀማሪው በሕግ ይሠራል፤ ሊቁ ግን ሁኔታውን በአንድ ዕይታ ይረዳል፤ እንዴት እንደተረዳው ግን ብዙ ጊዜ ለመናገር ይቸገራል። የእኛ ልምድ ያላት ነርስ የደም ሥር አግኝታ ካኑላ ስታስገባ ጣቶቿ ምን እንደዳሰሱ ብትጠየቅ «እንዲሁ ይታወቃል» ትላለች። ስለዚህ የፕሪሴፕተር ሥልጠና የመጀመሪያ ሥራው የለመዱትን ሥራ መልሶ በደረጃ ከፋፍሎ መናገርን ማለማመድ ነው።

ሁለተኛው ሥራ መጠየቅን ማስተማር ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ለሐኪም አስተማሪዎች የቀረበ፣ «የአንድ ደቂቃ ፕሪሴፕተር» የሚባል አምስት እርምጃ ያለው ዘዴ አለ። በምሳሌ ላስረዳ። አንዲት እናት ከወለደች ሁለት ሰዓት ሆኗታል እንበል። ተማሪዋ የልብ ምቷን 104፣ የደም ግፊቷን 100 በ60 ብላ መዝግባ ልትሄድ ነው። ፕሪሴፕተሯ «ምን ሆናለች ትያለሽ?» ብላ ተማሪዋ አቋም እንድትይዝ ታደርጋለች። «ሌሊቱን ሙሉ ስታምጥ ስላደረች ደክሟት ነው።» ቀጥላ «ድካም ብቻ መሆኑን በምን አወቅሽ?» ትላለች፤ ይህን እየጠየቀች እጇ በእናትየው ሆድ ላይ ነው፤ ማሕፀኑ መኮማተሩን ትዳስሳለች፣ የፈሰሰውን ደም ታያለች። ተማሪዋ እነዚህን አላየችም ነበር። እዚህ ላይ ፕሪሴፕተሯ አንድ ሕግ ትሰጣለች፦ ከወሊድ በኋላ የልብ ምት ሲፈጥን ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ ደም መፍሰስ ነው ብለሽ ጀምሪ፤ ግፊቱ የሚወርደው ዘግይቶ ነውና። ከዚያ የልብ ምቱን ሙሉ ደቂቃ መቁጠሯን ታመሰግናለች፤ በመጨረሻ ሳትጠራ ልትሄድ መነሳቷን ታርማለች። ማሕፀኑ ላልቶ ከተገኘ ግን ትምህርቱ ይቆማል፤ ማሸት፣ እርዳታ መጥራትና መድኃኒት መስጠት ይቀድማሉ፤ ውይይቱ በኋላ ይደርሳል።

እርማቱ በታካሚዋ ፊት አይሰጥም። ይህን የማነሳው በዋርዶቻችን ተማሪን በቁጣ ማሳደግ እንደ ሙያ ስለሚቆጠር ነው። የተሰደበ ተማሪ ስህተቱን ይደብቃል፤ የተደበቀ የመድኃኒት መጠን ስህተት ደግሞ ሰው ይገድላል። ታካሚዋም «እናቴ፣ ይህች ልጅ ተማሪ ናት፤ እኔ አጠገቧ ሆኜ ብትመረምርሽ ትፈቅጃለሽ?» ተብላ ልትጠየቅ ይገባል። ከገጠር የመጣች እናት እምቢ ማለት እንደምትችል አታውቅ ይሆናል፤ ስለዚህ አጠያየቃችን ራሱ መብቷን የሚነግራት ይሁን።

ሥልጠናው እንዴት ይሰጥ? አበል ተከፍሎበት፣ በአዳራሽ ስላይድ ታይቶበት፣ በምስክር ወረቀት የሚዘጋ የጥቂት ቀን ሥልጠና አስተማሪ አያወጣም። ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 የክሊኒክ ብቃትን በአራት ደረጃ ከፍሏል፦ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በእውነተኛው ሥራ ላይ መፈጸም። ሠልጣኙ ነርስም ተማሪ ይዞ ሲያስተምር መታየትና መታረም አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎቻችን የሚወስዱት የመውጫ ፈተና የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ የሚመዝነው በዋናነት የታችኞቹን ሁለት ደረጃዎች ነው። የላይኞቹን የሚያየው ከአልጋው ዳር የቆመው ሰው ብቻ ነው።

ለዚያ ሰው ጊዜ ካልተሰጠው ግን ሁሉም ከንቱ ነው። ሃያ ሕሙማን የያዘ ነርስ ላይ አምስት ተማሪ ጨምሮ «አስተምር» ማለት ሁለቱንም መበደል ነው። ከአበል ይልቅ የሕሙማን ቁጥር ቅነሳ ይሻላል እላለሁ፤ ከተቋም ኃላፊዎች ጋር የማልስማማበት ነጥብም ይኸው ነው። ምርጫውም ሥራ ከፈታው ሳይሆን ከፈቃደኛውና ከሚከበረው ይጀምር።

የመጨረሻው ነጥቤ የሎግ ቡክ ፊርማ ነው። በአታችመንቱ ማብቂያ ዕለት ተማሪዎች ደብተር ይዘው ይሰለፋሉ፤ ያልታዩ አሥር ማዋለዶች በአንድ እስክሪብቶ ይፈረማሉ። ሠልጥኖ የተመደበ ፕሪሴፕተር «ያላየሁትን አልፈርምም» ሲል ኮሌጁም ሆስፒታሉም ከጎኑ ለመቆም አስቀድመው በጽሑፍ ቢስማሙ እመክራለሁ። እንዲህ ያለ ስምምነት የጀመራችሁ ተቋማት ካላችሁ በውይይቱ ሰዓት ልምዳችሁን ብታካፍሉን ደስ ይለኛል። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።