«ቀላል» የተባለው ትምህርት

መኪኖቹ ሲጋጩ በምን ያህል ፍጥነት ይሄዱ ነበር? ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለ45 ተማሪዎች አጫጭር የመኪና አደጋ ፊልሞችን ካሳዩ በኋላ ያቀረቡት ጥያቄ ይህ ነበር። ከተማሪ ተማሪ የለያዩት አንዲቱን ግስ ብቻ ነው። «ሲላተሙ» የሚል ብርቱ ቃል የደረሳቸው በአማካይ በሰዓት ከ40 ማይል በላይ ገመቱ፤ «ሲነካኩ» የተባሉት ግምት ግን 32 ማይል እንኳ አልሞላም። ያዩት ፊልም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው ይህ ጥናት የምስክር ቃል በጠያቂው አንደበት ሊጣመም እንደሚችል አሳየ።

ዛሬ ይህን ጥናት በእንግሊዝ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች በሥነ ልቦና ክፍል ውስጥ ይተነትኑታል። ኤ ሌቭል በሚባሉት የመጨረሻ ሁለት ዓመታት ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ትምህርት ብቻ መርጦ ይዘልቃል፤ ሥነ ልቦናም ከሒሳብ ቀጥሎ በብዛት የሚመረጥ ሆኗል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየዓመቱ ከ70 ሺህ በላይ ተማሪ ይፈተነዋል። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ ሴቶች ናቸው።

ስሙ ግን አላማረለትም። ራስል ግሩፕ የተባለው የ24 ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ብዙ በር ይከፍታሉ ያላቸውን ትምህርቶች ሲዘረዝር ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ታሪክና ጂኦግራፊ ገቡ፤ ሥነ ልቦና ቀረ። ዝርዝሩ በ2019 ቢሰረዝም «ቀላል ነው» የሚለው ወሬ አብሮት አልተሰረዘም።

እንዲህ የሚል ሰው የፈተና ወረቀቱን ቢያገላብጥ ይበጀዋል። ከጠቅላላው ነጥብ ቢያንስ አንድ አስረኛው የሒሳብ ችሎታ የሚለካበት ነው። ተማሪው የአንድ ሙከራ ውጤት የአጋጣሚ ጉዳይ መሆን አለመሆኑን በስታቲስቲክስ መመርመር፣ የናሙናውን ድክመት ማውጣት፣ የተመራማሪውን ሥነ ምግባር መመዘን ይጠበቅበታል። በ1971 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደውን የፊሊፕ ዚምባርዶን የእስር ቤት ሙከራ እንውሰድ። ለሁለት ሳምንት ታቅዶ በስድስተኛው ቀን ተቋረጠ፤ ለአሥርተ ዓመታትም ሥልጣን ሰውን ጨካኝ እንደሚያደርግ ማስረጃ ተደርጎ ተጠቀሰ። ኋላ ላይ የወጡ ሰነዶች ግን ጠባቂ ሆነው የተሳተፉት ጠንከር እንዲሉ ይገፋፉ እንደነበር አሳዩ። አንድ ወጣት ዝነኛ ጥናት ሲናድ ማየቱ በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው።

አፍሪካዊ አንባቢን የሚነካ ሌላ ምሳሌም አለ። የሕፃንና የእናት ቁርኝትን በማጥናት የታወቀችው ሜሪ ኤይንስወርዝ ይህን ምልከታዋን የጀመረችው በ1950ዎቹ አጋማሽ ኡጋንዳ ውስጥ፣ በካምፓላ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች እናቶችን ከነልጆቻቸው በየቤታቸው እየሄደች በመመልከት ነው። ሕፃኑን ከእናቱ ለጥቂት ደቂቃ እየለዩ የሚታዘቡበትን ዝነኛ ዘዴዋን ያወጣችው ከዚያ በኋላ፣ አሜሪካ ሄዳ ነው። በ1988 የታተመና ተማሪዎቹ የሚያጠኑት አንድ ጽሑፍ በዚህ ዘዴ የተሠሩ 32 ጥናቶችን ከስምንት አገሮች ሰብስቦ አነጻጸረ። አሥራ ስምንቱ የአሜሪካ ነበሩ። ከአፍሪካ አንድም አልነበረም! ነገሩ የተጀመረባት አህጉር ከንጽጽሩ ወጣች ማለት ነው። ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከአፍሪካ የሄዱ ወላጆች ልጆች በተቀመጡበት የለንደን ክፍል ይህ ሳይጠየቅ መታለፍ የለበትም።

የዚህ ትምህርት እውነተኛ ችግር ቅለቱ አይደለም። ድሮ ተማሪው ራሱ ጥናት ነድፎ፣ መረጃ ሰብስቦ ዘገባ ይጽፍ ነበር፤ ዘገባውም ነጥብ ይያዝለት ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2008ቱ የሥርዓተ ትምህርት ማሻሻያ ወዲህ ያ ቀርቷል። በክፍል ውስጥ ትንንሽ ሙከራ መሥራት እስከ ዛሬ ቢመከርም ውጤቱ የሚወሰነው በጽሑፍ ፈተና ብቻ ነው። ጊዜ ያጠረው መምህር የቱን እንደሚተው መገመት አያዳግትም። ተማሪውም የሎፍተስን ቁጥሮች ይሸመድዳል፤ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ጽፎ ለጓደኞቹ አሰራጭቶ ልዩነቱን በዓይኑ ሳያይ ይመረቃል።

ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ለተግባር ሥራ ከፈተናው ውጤት ተለይቶ የሚሰጥ ማረጋገጫ አላቸው። ሥነ ልቦና የለውም። የእንግሊዝ ትምህርት ባለሥልጣናት ይህን ማረጋገጫ ለሥነ ልቦናም ሊፈቅዱለት ይገባል፤ ለሙከራው ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ እርሳስና ፈቃደኛ የክፍል ጓደኞች ይበቃሉ።