ያደፈውን አሉሚኒየም ስለ ማጽዳት

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የሚያልፍ ሰው ዓይኑን የሚጥለው ተነሥቶ በሚበረው አውሮፕላን ላይ ነው እንጂ፣ በጥገናው አዳራሽ ውስጥ ተፈታትቶ እጥበት በሚጠብቀው የሞተር ክፍል ላይ አይደለም። እኛ ግን ዛሬ ስለዚህ ስለማይታየው ሥራ፣ ይልቁንም እድፍ ስለ ያዘው አሉሚኒየም ጥቂት ቃል ለማለት እንወዳለን። ነገሩ የቴክኒክ ተማሪን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ በየጓዳችን ያለው ድስትም የዚሁ ወገን ነውና።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ ያሰለፈው ሲ-47 የተባለውን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነበር። የእያንዳንዱ ሞተር 14 ሲሊንደሮች የሚቀዘቅዙት በውሃ ሳይሆን በነፋስ ስለ ነበረ፣ የሲሊንደሩ ራስ ከአሉሚኒየም ተሠርቶ ዙሪያውን ስስ ክንፎች ነበሩት። በክንፎቹ መካከል ዘይትና አቧራ ሲጋገር ሙቀቱ መውጫ ያጣል። አዲስ አበባን በመሰለ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ አገር ደግሞ አየሩ ስስ ስለ ሆነ የማቀዝቀዝ ኃይሉም ያንሳል። እንግዲህ እጥበቱ ለመልክ ሳይሆን ለሞተሩ ዕድሜ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ጄት ሲመጣ፣ ግለት የሚበዛበት ቦታ ለሌሎች ማዕድናት ተለቀቀ፤ አሉሚኒየም ግን በማርሽ ቤትና በመሳሰሉት ክፍሎች ዛሬም አለ።

አሉሚኒየም አይዝግም ሲባል እንሰማለን። እውነቱ ግማሽ ነው። አየር እንዳገኘው ወዲያው በዓይን የማይታይ ስስ ቆዳ ያበጃል፤ ቆዳውም ውስጡን ይጠብቀዋል። ጨው ወይም የባትሪ አሲድ ይህን ቆዳ ሲበሳው ግን ነጭ ዱቄት ይወጣል፤ ከዱቄቱ ሥር ጉድጓድ አለ። ድስት በአመድ ሲፈተግም የአመዱ ውሃ ያንኑ ቆዳ ይበላል። (የጠቆረውን በሎሚ የምታነጣ ባልቴት ሳታውቀው ኬሚስት ናት።)

የአመድ ታላቅ ወንድም ኮስቲክ ሶዳ ነው። አንድ የምናውቀው ወጣት መካኒክ የአሉሚኒየም የሞተር ክዳን በዚህ ውሃ ዘፍዝፎ ምሳውን ሊበላ ሄደ። ሲመለስ ውሃው ያለ እሳት ይፈላል፤ ክዳኑ ጠቁሮ ጠርዙ ተበልቷል። ያ አረፋ በቀላሉ የሚቀጣጠለው ሃይድሮጅን መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሲጋራ አያጨስም።

ዋናው ብልሃት ትዕግሥት ነው። በመጀመሪያ ቅባቱን በማሟሟቻና ለስላሳ በሆነ ሳሙና ማስለቀቅ፤ የብረት ብሩሽና የድስት ሽቦ አለማስጠጋት፤ ብናኛቸው በአሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰክቶ ሌላ ዝገት ይጀምራልና። ለቀረው እድፍ የቀጠነ ፎስፎሪክ አሲድ፣ ለተጋገረው ጥላሸት ደግሞ በአየር ግፊት የሚረጭ ደቃቅ የብርጭቆ እንክብል ይረዳል። ያን ጊዜ የዘይቱን ቀዳዳዎች አስቀድሞ መድፈን ግዴታ ነው፤ አንዲት እንክብል በዘይቱ መንገድ ብትቀር ሞተሩን ትገድላለች። ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የተገፈፈው ቆዳ ይተካል፤ ወይ በኤሌክትሪክ ይወፍራል፣ ወይ ወርቃማ መልክ በሚሰጠው የክሮሜት መድኃኒት ይነከራል። ክሮሜት ግን ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ስለ ሆነ፣ ያለ ጓንት አይነካም፤ እጣቢውም ወደ ቦይ አይደፋም።

አዲስ ተማሪ አብዝቶ የሚወደው ማብራትን ነው። እንክብሉን በብርቱ ግፊት ሲረጨው ለስላሳው ማዕድን ተጠፍጥፎ የስንጥቁን አፍ ይዘጋዋል። ቀጥሎ የሚመጣው መርማሪ ወደ ስንጥቅ የሚሰርግ ፈሳሽ ይቀባል፤ ትርፉን ይጠርግና በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት መብራት ያየዋል። አፉ የተዘጋ ስንጥቅ ፈሳሹን አይጠጣም፤ አይታይምም። በአግባቡ የጸዳው ላይ ግን ከጸጉር የቀጠነች አረንጓዴ መስመር ቦግ ትላለች፤ ክፍሉም ምንም ያህል ቢያምር ቀይ ወረቀት ታስሮበት ወደ ጎን ይቀመጣል።