የብሪጅ ማይነስ ግራውንድ አይደለም

ከሰበታ፣ ከቡራዩ ወይም ከሱሉልታ በሚኒባስ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው ብሪጅ የሚባለውን የአምፕሊፋየር አስተሳሰር በስም ባያውቀው በጆሮው ያውቀዋል። የመኪና ባትሪ 12 ቮልት ነው። በዚህ ጉልበት ተራ አምፕሊፋየር ለ4 ኦም እስፒከር የሚሰጠው፣ ምንም ባይባክን እንኳ፣ 4.5 ዋት ነው፤ በብሪጅ ግን በስሌት 18 ይደርሳል። ቮልቴጁ እጥፍ ሲሆን ከረንቱም እጥፍ ስለሚሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል።

አሠራሩ ብዙ አያናግርም። የብሪጅ አይሲ ውስጥ ሁለት አምፕሊፋየሮች አሉ፤ አንዱ ድምፁን እንዳለ፣ ሌላው ገልብጦ ያወጣል፤ እስፒከሩ በመካከላቸው ይታሰራል። በትልቅ መጋዝ ግንድ እንደሚቆርጡ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ቲዲኤ 7297 ይህንን ለሁለት ቻናል አዘጋጅቶ የመጣ፣ ለ8 ኦም እስፒከር የተሠራ አይሲ ነው። (15 ዋት የሚለው ቁጥሩ በ16.5 ቮልት፣ ያውም ድምፁ 10 በመቶ ተዛብቶ የተለካ ስለሆነ ብዙ አትመኩበት።)

ነገር የሚበላሸው ማይነሱ ጋ ነው። በድሮ ቴፕ የእስፒከሩን ማይነስ ቦዲ (ግራውንድ) ላይ ማሰር ያስኬድ ነበር፤ መውጫው ላይ ያለው ካፓሲተር ዲሲውን ይይዘዋል። ብሪጅ ካፓሲተር የለውም። ዘፈን ባይከፈትም ሁለቱም መውጫዎች ላይ 6 ቮልት ገደማ ቆሟል፤ እኩል ስለሆኑ ብቻ እስፒከሩ አይሰማውም። ማይነሱ ከአይሲው ሳይነቀል ቦዲ ከነካ መውጫው ሾርት ሆነ ማለት ነው፤ ደህና አይሲ ራሱን ያጠፋል፣ መናኛው ይነዳል። ተነቅሎ ቦዲ ላይ ብቻ ከታሰረ ደግሞ 1.5 አምፔር ያህል ዲሲ ያለማቋረጥ በ4 ኦሙ ጥቅል ውስጥ ያልፋል። 9 ዋት፣ ያለ አንዳች ዜማ! አሸዋ ሜዳ አንድ ጠጋኝ የተቃጠለ አይሲ አሳይቶኝ «ፎርጅድ ነው» አለኝ። ፎርጅድ በገበያው ሞልቷል፣ አልክድም፤ የዚያኛው ማይነስ ግን አሁንም ቦዲው ላይ ተበይዶ ነበር። አንዲት ሜትር ሽቦ ለመቆጠብ!

ቴስተር ያለው ሰው መገመት የለበትም። ድምፁን ዘግታችሁ ከእያንዳንዱ የእስፒከር ጫፍ ወደ ግራውንድ ለኩ፤ በሁለቱም የባትሪውን ግማሽ ካነበባችሁ ብሪጅ ነው። በ5 ቮልት የምትሠራው ትንሿ ፓም 8403 ቦርድም ከዚሁ ወገን ናት፤ የግራና የቀኙን ማይነስ አንድ ላይ ጠምዝዞ ጃክ ላይ መበየድ እሷን መግደል ነው።

ሌላው ሙቀት ነው። በብሪጅ የታሰረ 4 ኦም እስፒከር ለእያንዳንዱ አምፕሊፋየር 2 ኦም ሆኖ ይታየዋል፣ ስለዚህ ይግላል። የሱሉልታ ሰዎች «የኛ ብርድ ያቀዘቅዘዋል» ይላሉ፤ ብርዱስ ይረዳል። ነገር ግን በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ሂትሲንኩን ሰፋ አድርጉት፣ ከመቀመጫ ሥርም አትወሽቁት።