ለማዳ ዘንዶ ሲራባ የትኛው የዘር ባሕርይ ይመረጥ?

እባብ በቤት ማሳደግ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ዘንዶን እንደ ድመት የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። በጣም ከሚወደዱት አንዱ፣ በሳይንስ ስሙ ፓይተን ሬጊዩስ የሚባለው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተወላጅ ነው። ሲፈራ ራሱን ወደ ውስጥ ሸሽጎ ስለሚጠቀለል «የኳስ ዘንዶ» ይሉታል። በአገራችን ቆላ ከሚገኘው ትልቅ ዘንዶ ጋር እንዳይምታታ፤ ይህኛው ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም።

አርቢው አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ባሕርዩ እንዴት እንደሚወረስ ነው። ቆዳው ነጭና ቢጫ፣ ዐይኑ ቀይ የሆነው አልቢኖ የሚወለደው ጂኑን ከአባትም ከእናትም ሲወርስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጂኑን በስውር የያዙ ሁለት ዘንዶዎች ቢገናኙ፣ ሜንዴል በአተር ላይ እንዳሳየው፣ ከአራት ልጆች አንዱ አልቢኖ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። ሁለት ስውር ባሕርያትን በአንድ ልጅ ላይ ማየት ለሚሻ ግን ዕድሉ ከ16 አንድ ነው። ሴቲቱም በአንድ ጊዜ የምትጥለው እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ያነሰ ስለሆነ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ስምም ያሳስታል። በአሜሪካ የምሥራቅ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራቸው፣ የዘንዶ ባለቤቶች የላኩላቸውን የተገፈፈ ቆዳ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳሳወቁት፣ «አልቢኖ» እና «ላቬንደር አልቢኖ» የሚባሉት መልኮች የሚመጡት ከተለያዩ ጂኖች ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቢዳቀሉ ልጆቹ መልካቸው እንደ ተራ ዘንዶ ይሆናል። ይህን ያላወቀ ገዢ ሻጩን አታላይ ብሎ ሳይከስ አይቀርም!

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ግን «ሸረሪት» በሚባለው መልክ ላይ ይነሣል። ጥቁሩ መስመር እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነው። ጂኑ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም መልኩ ስለሚታይ፣ ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ያንኑ ይዘው ይወለዳሉ፤ ለነጋዴ የተመቸ ነው። ነገር ግን የእነዚህ ዘንዶዎች ራስ ይንቀጠቀጣል፣ አንገታቸው ይጠማዘዛል፤ አንዳንዱ አይጡን ሊነድፍ ሲወረወር ይስታል። በጀርመን አገር ተመራማሪዎች በራጅ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳተሙት፣ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ክፍል ተበላሽቶ ተገኝቷል። የተመረመሩት እንስሳት ጥቂት ቢሆኑም ጉድለቱ ግልጽ ነበር።

አንዳንድ አርቢዎች «ሕመሙ የቀለለውን እየመረጥን እናራባለን» ይላሉ። እኔ ይህን አልቀበልም። መልኩ ከታወቀበት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከብዙ ዐይነት ዘንዶ ጋር ሲዳቀል ኖሮ፣ ድሩና መንቀጥቀጡ አልተለያዩም፤ ሁለቱ የአንድ ጂን ሥራ ይመስላሉ። እንዲህ ከሆነ ምርጫው መልኩን ከነሕመሙ መውሰድ ወይም ሁለቱንም መተው ነው።

ቀድሞ የተወለደውን ሸረሪት ግን ሳያዳቅሉ በጥንቃቄ እየመገቡ ማኖር ይቻላል። የኳስ ዘንዶ በሰው እጅ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ ባለቤቱ ይህን አስቦ ይግዛ።